ምሳር የማይነካበት ቀን

አባቴ አግማስ ከቃላት ሁሉ አብልጦ የሚወደው «ነገ» የምትለዋን ነው። አጥሩ ሲዘም ነገ፣ በሩ አልዘጋ ሲል ነገ፣ እማዬን ጥርሷን ሲያማት ነገ። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ። ሰነፍ ግን አይደለም። ሳይነጋ ተነስቶ የሰው እንጨት ሲቆርጥ የሚውል ሰው ነው። ለነገ የሚያሳድረው የራሱን ቤት ጉዳይ ብቻ ነው።

የተወለድኩት ከቦሩ ሜዳ በእግር ግማሽ ሰዓት በምታስኬድ መንደር ነው። ከቤታችን በስተኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ አያቴ የተከሉት ባሕር ዛፍ ነበር። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚያቅፈው፣ ቁመቱ የጦሳን ተራራ የሚስተካከል የሚመስለኝ፣ ወደ ጣሪያችን ያዘነበለ ዛፍ ነው። አንደኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ቆርቆሮውን በሳና እማዬ ምስር ከምትለቅምበት መደብ አጠገብ ተተከለ። እማዬ አልጮኸችም። ቀሚሷን አራግፋ ተነሳችና የፈሰሰውን ምስር አንድ በአንድ ለቀመች። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቀዳዳውን ሽቅብ አይቶ «ነገ እደፍነዋለሁ» አለ።

«ዛፉስ?»

«መስከረም ይጥባ።»

በማግስቱ እማዬ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ኮምቦልቻ ወንድሟ ቤት ሄደች። አስፋልቱ ድረስ ተከትያት ነበር። ሚኒባሱ ሲመጣ ጉንጬን ይዛ «ዛፉ ሲወድቅ እመጣለሁ፣ የምስሬ» አለችኝ።

እኔ የሰማሁት ያለችውን ብቻ ነው። ዛፉ ይወድቃል፣ እማዬ ትመጣለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ወደ ዛፉ እየወጣሁ በሁለት እጄ እገፋው ነበር። ሳይወድቅልኝ ሲቀር በእግሬ እመታዋለሁ። ዛሬ ዕድሜዬ ከእሷ የዚያን ጊዜ ዕድሜ ሲያልፍ ነው የገባኝ፤ ዛፉ ከብዙ «ነገ»ዎች አንዱ ነበር። ሌሎቹ ጣሪያ ስላልበሱ ነው ያልታዩኝ።

እማዬ ከሄደች በኋላ ምሳዬን የምበላው ጎረቤታችን ብዙዬ ቤት ነው። የብዙዬ ባል ሱሌማን ሹፌር ነበር። የአንድ የደሴ ነጋዴ አይሱዙ ይዞ ጎመንና ድንች ከመንደራችን እየጫነ ወደ ኮምቦልቻ ያወርዳል። ለአባቴ ከነሐሴ ጀምሮ «መኪና አለ፣ ገመድ አለ፣ አንተ ቀን ብቻ ቁረጥ» ሲለው ሰምቻለሁ። መኪናው የግድ ያስፈልግ ነበር። ዛፉ ያዘነበለው ወደ ቤቱ ስለሆነ ዝም ተብሎ ቢቆረጥ ጣሪያው ላይ ነው የሚተኛው። በላይኛው በኩል፣ ድንች ተነቅሎ ባዶ በቀረው ማሳ ላይ እንዲወድቅ፣ ጫፉ ላይ ገመድ ታስሮ መኪና እየሳበው መቆረጥ ነበረበት።

አባቴ በመቁረጥ በኩል ስሙ ደሴ ድረስ የተሰማ ነው። ችካል ይተክልና ዛፉን ችካሉ ራስ ላይ ያሳርፈዋል ይሉ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል የናቀው። «የግማሽ ቀን ሥራ ናት» ይላል፤ ግማሿን ቀን ግን አጣት። መስከረም አለቀ።

አንድ ቀን ብዙዬ ቤት ቆሎ ስቆረጥም ሱሌማን ጓዳ ሆኖ ለሚስቱ «ወላሂ፣ አረጋሽ ባትመለስ ነው የሚሻላት» ሲል ሰማሁ።

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። አረጋሽ እናቴ ናት። ይህ ሰው እናቴ እንድትመለስ አይፈልግም ማለት ነው። ብዙዬ ምን ብላ እንደመለሰችለት አልሰማሁም፤ ሮጬ ወጥቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሌማንን እንደ ጠላት ነበር የማየው። ለእማዬ አዝኖ የተናገረው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በስምንት ዓመት ጭንቅላት ውስጥ አይገባም።

የአባቴ የነፍስ አባት፣ አባ ኃይለ ሚካኤል፣ ሽማግሌ ሆነው ኮምቦልቻ ወረዱ። ሲመለሱ እማዬ ለጥቅምት መድኃኔዓለም ልትመጣ ተስማምታለች አሉ። እሳቸውና ወንድሟ ይዘዋት ይመጣሉ፤ በዓል ስለሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ ዕርቁም ያምራል። ዛፉ ግን ከዚያ በፊት መውደቅ አለበት።

«ሃያ ሰባት ድረስ ሩቅ ነው» አለ አባቴ።

እኔ በጣቴ ስቆጥር ሩቅ አልነበረም። አባቴ ሃያ ስድስት ላይ ዛፉ ላይ ወጥቶ የአይሱዙውን የሸራ ገመድ ጫፉ ላይ አሰረ። አስተሳሰሩ እንከን አልነበረውም፤ ይህን እንኳ አልነፍገውም። ከዚያ ወርዶ ምሳሩን ሞርዶ ሱሌማንን ጠበቀ። ሱሌማን በዚያ ቀን ጎመን አራግፎ ሲመለስ የሐረጎ ዳገት ላይ ጎማ ፈንድቶበት ውሎ አደረ። መንደራችን የደረሰው በማግስቱ ጠዋት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት ነው።

አባ ኃይለ ሚካኤል ከቅዳሴ ሲወጡ አባቴ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ አጠገቡ ነበርኩ።

«አባ፣ ዛሬውኑ ልጣለው። እርስዎ አውቀው ዝም ይበሉኝ።»

«ምሳር እንዳትነካ!» አሉ አባ። «ሰብሉ ደርሶ ቆሟል። ዛሬ እንጨት ተቆርጦ በረዶ የወረደ እንደሆነ አገሩ የሚጠይቀው አንተን ነው። እኔንም ይጠይቁኛል።»

«እንግዲያው አረጋሽ ዛፉ ሥር ትግባ?»

 ያን ጊዜ ከኋላችን የነበረው ሱሌማን «እኔ ልቁረጠው» አለ። «በእኔ ላይ የሚወርድ በረዶ የለም።»

አባ ፈገግ አሉ። «አንተ ከቆረጥህ መኪናውን ማን ይይዛል?»

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ አባቴ። «ወታደር ሳለሁ ከኦራል መኪና ሹፌር ጎን ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። አባ፣ መንዳትስ ሥራ ነው?»

አባ ጥላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውረው አሰቡ። «መንዳት… ያው መቀመጥ አይደል?» አሉ። ከዚያም ከኮምቦልቻ ከሚመጡት እንግዶች ጋር ለመገናኘት ወደ አስፋልቱ ወረዱ።

ይኸው ነው። ነገሩን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥር እጄን እነክሳለሁ። በአገሩ የታወቀው ቆራጭ ምሳር እንዳይነካ ሆነ፣ ሥራውን የሚያውቀው ሹፌር መሪውን ለቀቀ። ሦስቱም የበሰሉ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም «ቆይ፣ ሴትየዋ ለአንድ ሳምንት ብዙዬ ቤት ትደር» አላለም።

አይሱዙው ከዛፉ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ቆመ። ገመዱ ከኋላው ታሰረ። ብዙዬ እኔን እጄን ይዛ ራቅ ካለ የድንጋይ ካብ ጀርባ አቆመችኝ። ሱሌማን በመኪናው መስኮት ተንጠልጥሎ ሲያስረዳ ይሰማኛል።

«ይኼ ፍሪሲዮን ነው። ቀስ ብለህ ነው የምትለቀው። ቀስ።»

«አውቃለሁ።»

«አግማስ፣ ቀስ!»

«አውቃለሁ አልኩህ። አንተ ይልቅ መጀመሪያ በማሳው በኩል አፍ ክፈትለት። ከዚያ በጀርባው ዙር። መንቋቋት ሲጀምር ጥራኝ፣ እስበዋለሁ።»

ሱሌማን ምሳሩን አነሳ። አንዴ ይመታል፣ አንዴ ይስታል። ፍላጩ ፀጉሩ ላይ ይበተናል። አባቴ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ዝቅ! ዝቅ አድርገህ እንጂ!» ይላል። ሱሌማን ቀና ብሎ «እግርህን ፍሬኑ ላይ አድርግ!» ይላል። ሁለቱም ልባቸው የለቀቁት ሥራ ላይ ነበር። አባቴ በራሱ እጅ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰውን ሱሌማን ሁለት ሰዓት ፈጀበት። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ የምሳሩ እጀታ ላይ ደም ነበረ። እኔ ግን ለደሙ አላዘንኩም። ሰውየው ለምን እንደሚያዘገይ አውቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ዛፉ ከውስጡ ተንቋቋ።

«ሳብ!» አለ ሱሌማን። «አግማስ፣ ሳብ!»

አይሱዙው አጓራ። ገመዱ ተወጠረ፤ የዛፉ ጫፍ ወደ ማሳው ሲቀና አየሁ። ከዚያ መኪናው እንደ ሰው አንዴ ሳል አለና ጸጥ አለ። አባቴ ሥራው አልቆ ሞተሩን ያጠፋው መሰለኝ። ገመዱ ረገብ ብሎ የድንቹ ማሳ ላይ ተኛ። ዛፉ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ አያቴ ከተከሉት ጀምሮ ወዳዘነበለበት፣ ወደ ቤታችን ሄደ።

ቆርቆሮው ሲጨማደድ ጆሮዬን ያዝኩ። አቧራው ሲረጋ የቅጠሉ ሽታ መንደሩን ሞላው፤ እማዬ ጉንፋን ሲይዘኝ የምታጥነኝ ዓይነት። አይሱዙው ወደ ኋላው ተንሸራቶ የማሳውን ዳር ካብ መትቶ ቆመ፤ የኋላ መብራቱ ረገፈ። ብዙዬ «ያ አላህ» ብላ ቁጭ አለች።

እኔ አጨበጨብኩ። አፈር ይብላኝና፣ እየዘለልኩ «ዛፉ ወደቀ! ዛፉ ወደቀ!» እያልኩ አጨበጨብኩ። እናቴ ትመጣለቻ።

እውነትም መጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከአባ ኃይለ ሚካኤልና ከወንድሟ ጋር ሽቅብ ስትወጣ አየናት። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ በእጇ ለእኔ የገዛችውን ጫማ ይዛለች። ቤቱ ፊት ስትደርስ ቆመች። ግንዱ ከመካከል ለሁለት ከፍሎታል፤ መደቡ ላይ ቅጠል ተከምሯል። አባቴ ከካቡ አጠገብ ቆሟል። ሱሌማን ምሳሩን እግሩ ሥር ጥሎ የደማ መዳፉን ብብቱ ውስጥ ከቷል። 

እማዬ ቤቱን ትታ ገመዱን አየች። ከዛፉ ጫፍ እስከ አይሱዙው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ አባቴን «መኪናውን የያዘው ማን ነበር?» አለችው።

አባቴ መሬት መሬት አየ።

«አግማስ፣ አንተን ነው የምጠይቅህ። ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ፣ አረጋሽ» አለ ሱሌማን። «ጥፋቱ የኔ ነው። አግማስን ምንም አትበይው።»

እማዬ ወደ ሱሌማን አላየችም። አባቴን ነበር የምታየው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ስለነበር ስትጠብቅ ይታወቀኛል። አባቴ ቀና አላለም። ያን ጊዜ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አባቴን መኪናው ውስጥ በዓይኔ ያየሁት እኔ፣ «ሱሌማን ነው! ሆን ብሎ ነው የጣለው! እንድትመጪ አይፈልግም!» ብዬ ጮህኩ።

ብዙዬ አፏን ያዘች። ሱሌማን ግን ልክ ነሽ እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ይህንንም ሰምቶ ዝም አለ።

እማዬ ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማ አጠለቀችልኝ፣ እጄን ያዘችና ወደ አስፋልቱ ይዛኝ ወረደች። በዚያው ቀን በሚኒባስ ኮምቦልቻ ገባሁ። ያደግኩትም እዚያው ነው። እማዬ ፋብሪካ ገባች፣ አባቴን በዓመት በዓል እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። መንደሩ መድኃኔዓለም ቀጣው አለ። አባቴም መድኃኔዓለም ነው አለ። እኔ ሱሌማን ነው አልኩ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ አልኩ። ቃሌ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ደሴ የመኪናው ባለቤት ጆሮ ደረሰ። ሰውየው «የሰው ቤት ሆን ብሎ የሚያፈርስ ሹፌር አልፈልግም» ብሎ ቁልፉን ተቀበለው። ሱሌማን ከዚያ ወዲያ መኪና አልያዘም። ወደ መንደሩ ስሄድ ጎመን ሲኮተኩት አየዋለሁ። «ደህና ነሽ ወይ የምስሬ?» ሲለኝ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። እንዲህ ስንት ዓመት አለፈ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የምሠራበት የግንባታ ዕቃ መደብር መንጃ ፈቃድ አውጪ አለኝ። በስልጠናው በሁለተኛው ቀን ዳገት ላይ ቆሜ ልነሳ ስል ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቅኩት። መኪናዋ እንደ ሰው አንዴ ሳል አለችና ጸጥ አለች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አሰልጣኙ ፍሬን ያዘና «ምን ሆነሽ ነው? ይህ እኮ ሁሉም ላይ ይደርሳል» አለኝ። እኔ ግን መሪው ላይ ተደፍቼ አለቅስ ነበር። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቴ ሞተሩን አላጠፋውም፤ በእጁ ጠፋበት።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። የፋብሪካ ጋውኗን እያጠፈች ነበር፤ እጇ እንኳ አልቆመም።

«አውቃለሁ» አለች። «የሱሌማን ፀጉር ላይ ፍላጭ ነበረ፣ ምሳሩም እግሩ ሥር ነው። ዕውር ነኝ እንዴ?»

«ካወቅሽ ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲመልስልኝ ነዋ። ቤትማ በሳምንት ይሠራል። እኔ ነኝ ቢለኝ ኖሮ ዛፉ ላይ ተቀምጬ ምሳ እሠራለት ነበር።»

አባቴን ልገድለው ደረስኩ። ሱሌማን ሥራውን የሰጠው የአባቴ ትዳር እንዲተርፍ ነው፤ አባቴ ስጦታውን ወስዶ ትዳሩን ጣለበት። እኔም ሱሌማንን ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። መንጃ ፈቃዴን ስይዝ አልኩ፣ ለመስቀል ስወጣ አልኩ፣ ለፋሲካ አልኩ።

ባሕር ዛፍ ደግሞ ጉቶው ይበቅላል። ከዚያው ጉቶ የወጣ አንድ ግንድ አድጎ፣ ወፍሮ፣ አባቴ ዳግም በሠራው ጣሪያ ላይ አዘነበለ። «ነገ እቆርጠዋለሁ» ሲለኝ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ጥቅምት በዓል የሌለበትን ቀን ከካላንደር ፈልጌ፣ የመደብሩን ፒክአፕና ረጅም ገመድ ይዤ ሄድኩ። እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ምሳሩ ላይ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ምሳሩ ግን አንዴም አልሳተም። «ሳብ» ሲለኝ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ዛፉ ማሳው መሐል ተኛ፤ ችካል ቢተከል ኖሮ ችካሉ ላይ ያርፍ ነበር። ጠቅላላ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ግማሽ ሰዓት! ያን ሁሉ ዓመት።

ከመኪናው ወርጄ «አባባ፣ ያን ቀን ሞተሩ የጠፋው በአንተ እጅ ነው» አልኩት።

ምሳሩን በሣር ጠረገ። «ቀስ ብለህ ልቀቀው ብሎኝ ነበር» አለ። «ቀስ ያልኩ መስሎኝ።»

ይህችን ነበር የምንጠብቀው፤ ይህችኑ ብቻ። ስልኬን አውጥቼ ለእማዬ ደወልኩና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ለእሷ ንገራት።»

«ሄሎ?» አለች እማዬ። «የምስሬ? ሄሎ?»

አባቴ ድምፅዋን ሰማ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ መለሰልኝ።

«ነገ እደውልላታለሁ» አለኝ።

 ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ገመዱን ፒክአፑ ላይ ወርውሬ፣ በሩን በኃይል ዘግቼ ቁልቁል ነዳሁ። ከአስፋልቱ ሳልደርስ ሱሌማን አህያ ላይ ጎመን ጭኖ እየነዳ ሲመጣ አገኘሁት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መቆም ነበረብኝ። ወደ መስኮቱ ቀረበ። ጢሙ ነጭ ሆኗል።

«የምስሬ! ደህና ነሽ ወይ? እናትሽስ ደህና ናት? መኪና ያዘች ሲሉኝ አላመንኩም። ማሻአላህ።» መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ ሞተሩን አዳመጠ። «ጤነኛ ነው» አለኝ።

«አያ ሱሌማን» አልኩ። «የምነግርዎ ነገር ነበረኝ።»

«ንገሪኛ።»

ከኋላዬ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ።  «ዛሬ ቸኩያለሁ» አልኩት። «ነገ መጥቼ…»

«ኢንሻአላህ» አለና አህያውን ዳር አስይዞ አሳለፈኝ።

አስፋልቱ ድረስ ነዳሁ። «ነገ» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበረች፤ የተናገርኩት እኔ ስሆን ድምፁ የአባቴ ነበር። የመንገዱን ዳር ይዤ ቆምኩና ባጃጁን አሳለፍኩ። በመስታወቱ ሱሌማንን አየሁት፤ አህያውን ከፊት አስቀድሞ ዳገቱን ጀምሯል፤ ገና አልራቀም።

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ። ፍሪሲዮኑንም ቀስ ብዬ ለቀቅኩ።